ከሩቅ ባሕር የመጣ ዓሣ

ቲጂ ሽንኩርቱን በሳልሳ አቁላልታ፣ ፓስታውን አጠንፍፋ፣ ቤት ውስጥ የቀረውን አንድ ቆርቆሮ ሰርዲን ከፈተች። ሽታው ሲደርሳቸው አማቷ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ልጃቸውን አባያ ከነጀልባው ውጦ አስከሬኑን ከከለከላቸው ወዲህ የሐይቁ ዓሣ ቤታቸው አልገባም፤ እሳቸውም እህል በአፋቸው አልዞረም።

«ከየት የመጣ ዓሣ ነው?»

«የሱቅ ነው፣ እማዬ። ከሩቅ አገር ባሕር ነው የመጣው።»

«ማይልኝ።»

«ማርያምን! ከአባያ አይደለም። ትንሽ ይቅመሱ፣ እንዳይሞቱብኝ።»

አሮጊቷ ሹካውን ተቀብለው ፓስታውን ጠቀለሉ። ቲጂ እስኪጎርሱ ትንፋሿን ይዛ ጠበቀች። ሹካው ከንፈራቸው ጋ ሲደርስ ቆመ።

«እዚያስ» አሉ ቀስ ብለው፣ «የማን ልጅ ሰምጦ ይሆን?»

ሹካውን መልሰው ሳህኑ ላይ አስቀመጡት።