ባዶ ቤት ነው የመጡብን

እማሆይ ወለተ ኢየሱስ የመጀመሪያውን ጉርሻ አላምጠው ሳይጨርሱ ወልደ ኪዳን ሁለተኛውን ይዞ አፋቸው ሥር ይደርሳል። ጉርሻ ማለት ስሙን ማሳነስ ነው፤ የጥጃ ጭንቅላት ያህላል። «ይብሉ እንጂ እማሆይ! ዛሬ ደግሞ ማፈር ጀመሩ?» ይላቸውና በጎን እንግዳውን ያያል።

እንግዳው አቶ አምባቸው ናቸው። ቤተ ክርስቲያን ለምትጦራቸው አረጋውያን ገንዘብ ከሚረዳ ድርጅት፣ ከአዲስ አበባ የመጡ። ያለው ገንዘብ ለአንድ ደብር ብቻ የሚበቃ ስለሆነ፣ ከቢቸናና ከሞጣ ይበልጥ የተቸገረውን በዓይናቸው አይተው ሊመርጡ ነው።

እንግዳ ይመጣል ከተባለ ቢቸና መቼ ተኝታ ታድራለች! የሰበካ ጉባኤው አፈ ጮሌ ወልደ ኪዳን ከተማዋን ቤት ለቤት እየለመነ አሰሳት። የወጣው ድግስ ንጉሥ እንኳ ቢቀርብለት «ኧረ ቀንሱልኝ» ይል ነበር። የበጉ ላት ብቻ በሁለት ሰው ሸክም ነው የገባው። ጠላውን ዓባይ ቢያየው በክረምቱም በቀና። የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ይርሳው ሳይቀሩ፣ ቄስ ባዩ ቁጥር «አድኃሪ» ማለታቸውን ለዛሬ ትተው አንድ ሙዳ ሥጋ ይገምጣሉ። አረጋውያኑም ከየቤቱ በተለመነ ጋቢ ተጀቡነው በሰንበቴው ቤት ግድግዳ ዙሪያ ተደርድረዋል። ጮቄ ተራራ በረዶውን እንደለበሰ ወርዶ የተቀመጠ ይመስላል።

ከጋቢው ሥር ያለውን ወልደ ኪዳን ያውቃል። የደብሩ መሬት በአዋጅ ከተወሰደ ወዲህ እነዚህን ሰዎች የሚያበላ እህል የለም። የሚያድሩባት ጎጆ፣ ከሰንበቴው ቤት ጀርባ፣ ጣሪያዋ ተቦድሶ ሰማይ ታሳያለች። ባለፈው ክረምት ዝናብ ሲወርድባቸው ያደሩት አባ ገብረ ሕይወት ሳል ይዟቸው መስቀልን ሳያዩ ቀሩ። አሁን ግንቦት እያለቀ ነው። ገንዘቡ ካልመጣ ዘንድሮ ተራው የማን እንደሆነ እግዜር ይወቅ።

ታዲያ ይህ ለእንግዳ ይታያል?

«የሚያድሩት የት ነው?» ብለው ነበር አቶ አምባቸው ገና እንደገቡ።

«እዚሁ ነዋ! ቆርቆሮ ሥር!» አለ ወልደ ኪዳን፤ ምላሱ ከልቡ ቀድማ። «ዝናቡን በድምፁ ብቻ ነው የሚያውቁት።»

«የሚበሉትስ?»

«የሚበሉት ሞልቷል፤ ያጡት ሆድ ነው! ምነው ጌታው፣ እኛ ሽማግሌ የምናስርብ ሞጣዎች ነን እንዴ?»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ጓድ ይርሳው አጨበጨቡ። አረጋውያኑም «ምን ጎደላችሁ?» ሲባሉ በየተራ «ተመስገን፣ ምን ጎድሎን» አሉ።

አሁን አቶ አምባቸው እጃቸውን ታጥበው ይነሣሉ። ወልደ ኪዳንን በትከሻው ይዘው ወደ በሩ ፈቀቅ ያደርጉታል።

«እግዚአብሔር ያክብርልኝ፤ እንዲህ በእንክብካቤ የተያዙ አረጋውያን የትም አላየሁ። ትናንት ሞጣ ነበርሁ። የነሱ ሜዳ ላይ ናቸው ማለት ይቻላል። ገንዘቡን ለነሱ ብሰጥ መቼም አትቀየሙኝም።»

ወልደ ኪዳን የጠጣው ጠላ ሁሉ በአንድ ጊዜ ውሃ ይሆንበታል። «ጌታዬ… እኛም እኮ የለንም። ባዶ ቤት ነው የመጡብን።»

አቶ አምባቸው ሳቃቸው ያመልጣቸዋል። «አይ ጎጃም! በግ አርዶ ‹ባዶ ቤት ነው የመጡብን›! እናቴም እንዲሁ ናት፤ ገበታው ከብዶት ሊሰበር ‹ምንም አላቀረብንላችሁም› ትላለች።»

«በማርያም! የወግ አይደለም የምለው። የሚበሉት የላቸውም!»

«ገባኝ፣ ገባኝ» ይላሉ ትከሻውን መታ መታ እያደረጉ። «ይህ ትሕትናችሁ ነው የሚያኖራችሁ።»

ዕድሜውን ሙሉ ድንቢጥን ንስር ናት ብሎ ሲናገር የታመነለት ሰው፣ አንዲት እውነት ይዞ ቢወጣ የሚገዛው አጣ።

ዘወር ይላል። በሦስት እርምጃ እማሆይ ዘንድ ይደርስና የጋቢያቸውን ጫፍ ይይዛል። ሊገልጠው ሲል ያቺ እንጨት የመሰለች እጃቸው ጨብጣ ትይዘዋለች፤ ዐሥር በሬ ቢጎትት አታላቅቅም።

«ይልቀቁ እማሆይ፣ ይዩት።»

«ምኑን ነው የሚያዩት?»

«ቀሚስዎን። የጎድን አጥንትዎን።»

«ተው ልጄ» ይላሉ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ። «የደብሩን ገመና በእኔ ገላ ልትገልጥ? መጀመሪያ ቅበረኝ።»

የጋቢውን ጫፍ ይመልሳል። አቶ አምባቸው ከኋላው ደርሰዋል። «ደግ አደረጉ፣ በደንብ ያልብሷቸው፤ ንፋሱ ቀዝቅዟል» ይሉና ጎንበስ ብለው የእማሆይን ጉልበት ይስማሉ። «ይመርቁኝ እማሆይ፣ ልሂድ።»

አረጋውያኑ ግድግዳውን እየተደገፉ ይነሣሉ። የተወሰነውን የነገራቸው የለም። ፊታቸው ሁሉ እንደ ልጅ ፊት በርቷል።

«እግርህን እንቅፋት አይንካው» ይላሉ እማሆይ።

«አሜን!»

«የምትሰጥበት እጅህ አይንጠፍ።»

«አሜን!»

«ወደዚህ ስትመጣ በልብህ የያዝኸውን፣ አሁንም ያሰብኸውን፣ አንድ ሳያስቀር ይፈጽምልህ!»

ቆርቆሮው እስኪንቀጠቀጥ «አሜን!» ይላል ቤቱ። እማሆይ ግን ሌላ ምርቃት አይጨምሩም፤ አንገታቸውን ወደ ወልደ ኪዳን አዘንብለው ይጠብቃሉ። የእሱን አልሰሙም።

ወልደ ኪዳን ሁለት መዳፉን ደረቱ ላይ ዘርግቶ ቆሟል።

«አሜን» ይላል።