የትናየት የወደቀችበት ገደል

እህቴ የትናየት አምና ሐምሌ ሣር ስታጭድ ከገደል ወደቀች፤ አስከሬኗ አልተገኘም። ከዚያ ወዲህ እናቴ በየጠዋቱ አፋፉ ላይ ቆማ ትጣራለች። እኔም እንደ ካስማ አብሬ እገተራለሁ።

«የትናየትዬ!» ስትል ገደሉም «የትናየትዬ!» ይላል።

«እማ፣ የራስሽ ድምፅ እኮ ነው ተመልሶ የሚመጣው። አራተኛ ክፍል ላይ ያቆምሁት እኔ እንኳ አውቃለሁ» እላታለሁ። አትስቅም።

ዛሬም «የትናየትዬ!» አለች። ገደሉ ዝም አለ። ጥቂት ቆይቶ በእህቴ ድምፅ «ውብነሽ!» ብሎ እኔን ጠራኝ።

ዞሬ እናቴን አየኋት። ሰምታለች፤ ፈገግ ብላለች። ክንዴን ጥብቅ አድርጋ ይዛ ወደ አፋፉ ሳበችኝ።

«ኧረ እማ፣ ልቀቂኝ!»

ከእህቴ ሞት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አቆላምጣ ጠራችኝ።

«ውብነሽዬ» አለች፤ «እህትሽ ብቻዋን ናት፤ ሂጂላት።»