ጨዋው ዓሣ

ኧረ ሆዴን! ቆዩ፣ ሳቄ ይብረድልኝ። ዋናው ያለው መጨረሻው ላይ ነው፤ እስከዚያ ማንም ቀድሞ እንዳይስቅ።

ዳንግላ ውስጥ እንግዳው የሚባል ባለሆቴል አለ። ጣናን የሚያህል ውሃ በቅርቡ እያለ የባሕር ዓሣ አማረው፤ ገንዘብ ያለው ሰው ምን ያርግ! እንግዳ መቀበያው ላይ የመስታወት ገንዳ አቁሞ፣ ውሃውን ጨው አስበጥብጦ፣ ስድስት ዓሣ ከተተበት።

ገንዳውን የምትጠብቀው የጽዳቷ ደጊቱ ናት። ከሁለት ዓመት በፊት ወንድሟ ሞቶባት ወደ አዘና ከተማ ለለቅሶ ስትሄድ፣ ለዘበኛው ለሽባባው አደራ ብላ ሄደች። በዐሥራ አምስት ቀኗ ስትመለስ አምስቱ አልቀው ቢጫው ብቻውን ጠበቃት፤ ቀለሙም ፈካ ብሎ።

"ሆዳሞቹ አለቁ፣ ጨዋው ተረፈ" አለች።

እውነትም ጨዋ ነበር። ሰው እያየው አይበላም፤ ምግቡ የሚጠፋው ደጊቱ በትና ዞር ስትል ነው። እንደ መንደር ዟሪ ከድንጋዩ ርቆ አይሄድም። መብራት ሲጠፋ ከውሃ ማዞሪያው ሞተር ጋር ቀጥ ብሎ ይተኛል፣ ሲመጣ ይነሣል። "ከዓሣ እንኳ አትማሩም፣ እናንተ ልክስክሶች!" እያለች አስተናጋጆቹን ትሰድብበት ነበር።

ዘንድሮ እንግዳው እንጅባራ ላይ አዲስ ሆቴል ሠራና ዓሣው ለምረቃው ይዛወር አለ። ደጊቱን አስጠራት።

"በሕይወት ከገባ አንቺም እዚያ ትገቢያለሽ። ከሞተ ግን እዚህም የለሽ፣ እዚያም የለሽ።"

ሦስት ልጅ የምታሳድገው በዚያችው ሥራ ነው።

ከባሕር ዳር ባለሙያ ተብላ የመጣችው ሜላት የምትባል እንደ ሸምበቆ የቀጠነች ልጅ ናት። ደጊቱ ከእግር እስከ ራሷ አየቻትና ናቀቻት። ሜላት መስታወቱን ያለበሰውን አረንጓዴ በመዳፏ ጠርጋ ወደ ውስጥ ተመለከተች። ቆይታ ተመለከተች። ከዚያ አፏን ይዛ ሳል በሳል ሆነች።

"የራሷን ጉንፋን ያልቻለች፣ የሰው ዓሣ ልትችል!" አለች ደጊቱ በሆዷ።

"ማን ነው የሚያበላው?" አለች ሜላት።

"እኔ ነኛ! እንጀራዬ ነው። እሱ አንድ ነገር ቢሆን ልጆቼን ይዤ ሜዳ ላይ ነኝ፤ ጌታው ምለዋል።"

ሜላት ዓሣውንም ደጊቱንም ደግማ አየች። ጠዋት "የግማሽ ቀን ሥራ ነው" ያለችው ልጅ፣ አሁን ሦስት ቀን ያስፈልገኛል አለች።

አይ ባለሙያ! ድንጋዩ እንዳይታጠብ አለች፤ የለበሰው ነገር ነው አሉ ውሃውን የሚያጸዳው። እድፍ የሚያጸዳው የየት አገር ነው? አሮጌውን ውሃ በጀሪካን እየሞላች አስጫነች።

"እንጅባራ ላይ ዝናብ ጠፋ እንዴ፣ ውሃ የምትጭኚው?" አለቻት ደጊቱ።

"የለመደው ውሃ ነው፣ እትዬ። ሁለት ቀን ደግሞ ምግብ አይስጡት፤ መንገድ ላይ ውሃውን እንዳያበላሸው።"

"ለሱ ነው ጾም የምታስተምሪው?"

ይሄስ ይሁን። በሦስተኛው ቀን መረቧን ስታነሣ ግን "ሁላችሁም ውጡልኝ፤ ሰው ሲያይ ይደነግጣል" ብላ በሩን ዘጋች። ስትወጣ ዓሣው በላስቲክ፣ ላስቲኩ በሳጥን፣ ሳጥኑ በብርድ ልብስ ተጠቅልሏል።

"እስቲ ልየው።"

"ብርሃን ይረብሸዋል፣ እትዬ ደጊቱ።"

"እኔን እኮ ያውቀኛል!"

"እንጅባራ ያዩታል።"

ያን ጊዜ ደጊቱ ነቃች። ለካ ይቺ ሌባ ልትለውጠው ነው! ጨዋውን ለሌላ ሀብታም ሸጣ አንዱን ልክስክስ ልታስታቅፋት! ሚኒባሱ ውስጥ ሜላት ሳጥኑን እንደ አራስ ልጅ ታቅፋ ተቀመጠች፤ ደጊቱ እንደ ጭልፊት አፈጠጠችባት። ፈረስ በእግሩ በሚሄድበት መንገድ ዓሣ ብርድ ልብስ ለብሶ በመኪና!

እንጅባራ አዲሱ ገንዳ ጨው ውሃው ተበጥብጦ፣ ለብ ብሎ ይጠብቃል። ሜላት ላስቲኩን እላዩ ላይ አንሳፈፈች፣ ብርድ ልብሱን ከላይ ጣለች። ከዚያ በቀጭን ቱቦ የገንዳውን ውሃ ወደ ላስቲኩ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ፤ እንደ ጉሉኮስ። አንድ ሰዓት ሙሉ! ከጥሊሊና ከግምጃ ቤት ከተማ የተጠሩት እንግዶች ቆመው እግራቸው ዛለ።

"አሁን እለቀዋለሁ፤ ትንሽ ውጡልኝ" አለች ሜላት።

"አልወጣም!" ደጊቱ መሀል አዳራሽ ገብታ ቆመች። "ጋሼ እንግዳው፣ ይቺ ሴት ዓሣዎን ለውጣዋለች!"

"ምን አልሽ?" አለ እንግዳው።

"ሦስት ቀን ሙሉ ሸሸገችኝ! ንጹሕ ከሆነች ምን ያስደብቃታል? ብርድ ልብሱን ይግለጡ፣ በእጅዎ ያውጡና ይዩት! የኔው ጨዋ ሆኖ ከተገኘ ዛሬውኑ ያባሩኝ!"

"ሰው ሰምቷል" አለ እንግዳው፤ እጅጌውን እየሰበሰበ ወደ ገንዳው ሄደ። እንግዶቹ ስልካቸውን አወጡ።

ሜላት አመድ መሰለች። በአንድ እጇ ብርድ ልብሱን ጨብጣ፣ በሌላው ደጊቱን ወደ ራሷ ሳበቻትና በጆሮዋ፦

"እትዬ ደጊቱ፣ በማርያም ያስቁሟቸው፤ ዓሣዎ ፕላስቲክ ነው።"