በሻርፗ ቁራጭ የታሰሩት ቡቃያዎች

«እንዳትነኪው ሸይማ… በባዶ እጅሽ እንዳትነኪው» አለቻት ጎረቤቷ ኑሳ።

ሸይማ እጇን ሰበሰበች።

ሁለቱም የሸይማ አማት ቤት ሰገነት ላይ፣ ርግብ ቤቱ ሥር ተንበርክከዋል። ከፊት ለፊታቸው በእርጥብ ጆንያ ተሸፍነው የተደበቁ የአይብ ጣሳዎች ተደርድረዋል።

በየጣሳው አፈር ውስጥ የቲማቲም ቡቃያ ተሰክቷል… አንገቱን ደፍቶ፣ ጠውልጎ።

እያንዳንዱ ከእንጨት ጋር ታስሯል። የታሰረበት ጨርቅ ደግሞ… ሸይማ ስትፈልገው የሰነበተችው የራሷ ሻርፕ ቁራጭ ነው።

በዚያ የናይል ዳር መንደር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሕፃኑም ያውቃል። የሰው ልብስ ተቀዶ ከታሰረበት ድግምት ነው።

«ቡቃያው እንደጠወለገ አንቺም ጠውልገሽ እንድትቀሪ ነው» አለች ኑሳ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «አማትሽ ቡቃያውን የሚለቅሙት ለምንድነው ነበር ያልሽኝ?»

«ለዳክዬዎቼ ነው ይላሉ…»

«ዳክዬ የቲማቲም ቅጠል ሲበላ የት አይተሽ ታውቂያለሽ?»



ሸይማ ቡቃያዎቹን ታውቃቸዋለች። የእናቷ ቲማቲም ናቸው።

እናቷ ስትሞት ወንድሞቿ ጓሮውን ጠርገው ፎቅ ሠሩበት። ከእናቷ እጅ ሥራ የተረፈው፣ ሸይማ ለሙሽርነት ስትመጣ በእቅፏ ይዛው የገባችው አንድ ችግኝ ብቻ ነው። ሰገነቱ ላይ በርሜል ውስጥ ተክላ እንደ ልጅ ታሳድገዋለች። ገና አንድ ፍሬ እንኳ ስላልሰጠ ዘሩን ማስቀረት አልቻለችም።

በየጠዋቱ ከቅጠሉ ብብት የሚወጣውን ትርፍ ቡቃያ ትቀነጥሳለች… ጉልበቱን ለፍሬ ያውለው ብላ። አማቷ ሐጃ በደውያ ደግሞ ከኋላዋ እየተከተሉ ይለቅማሉ።

ሰሞኑን ግን ተክሉ ታሟል። ውሃ እየጠገበ ይጠወልጋል… አሁን ምክንያቱ የገባት መሰላት።

«ምን ላድርግ ኑሳ?»

«ጨው በትኚበትና የሚፈስ ውሃ ውስጥ ጣይው። ሌላ መፍቻ የለውም።»

ሸይማ ጣሳዎቹን በጆንያው ጠቅልላ የመስኖ ቦዩ ዳር ወረደች። አንድ በአንድ ወረወረቻቸው… ውሃው ይዟቸው ሄደ።

ቤት ተመልሳ ሻንጣዋን ከቁም ሳጥን አናት አውርዳ ሳሎን መሃል ከፈተችው። ባሏ ሰብሪ ከሥራ ሲገባ «ወይ እናትህ፣ ወይ እኔ» ልትለው ቆርጣለች።

ቀድመው የገቡት ግን ሐጃ በደውያ ናቸው።

ከገበያ እንደመጡ ዘንቢላቸውን በር ላይ አስቀምጠው በቀጥታ ሰገነት ወጡ… ቆዩ… ከዚያ ቀስ ብለው ወረዱ።

«ሸይማ ልጄ… ጣሳዎቹን አይተሻል?»

«ቦይ ውስጥ ናቸው።»

«ምን አልሽ?»

«ድግምትዎን ፈታሁት ሐጃ። ሻርፔን ለምን እንደቀደዱት ያላወቅኩ መሰልዎት?»

ሐጃ በደውያ ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ፊታቸው አመድ መሰለ። 

«ነይ» ብለው ተነሱ።

ሰገነት ወጥተው በርሜሉ ውስጥ ያለውን አፈር በእጃቸው ጫሩና ሥሩን ገልጠው አሳዩዋት።

ሥሩ ሁሉ እንደ እባጭ ተቋጥሯል… በስብሷል።

«አፈሩ ውስጥ ያለ ትል ጨርሶታል። ስኮተኩትልሽ ነው ያየሁት። ይሄ ተክል አይድንም ልጄ… ላዩ ላይ የሚወጣው ቡቃያ ግን ጤነኛ ነው። ንጹሕ አፈር ላይ ሲሰኩት መጀመሪያ ይጠወልጋል፣ ከያዘ ደግሞ የራሱን ሥር አውጥቶ ቀና ይላል።»

«ሻርፑስ?»

«ሲባጎ ለጋውን ግንድ ይቆርጠዋል። ከአሮጌ ጨርቆቹ መሃል ያገኘሁት ለስላሳ እሱ ነበር፣ የጣልሽው መስሎኝ…»



«ለምን… ለምን አልነገሩኝም?»

«ባይይዝልኝስ? እናትሽን አንዴ ቀብረሻል። ተስፋ ሰጥቼሽ ድጋሚ ላስቀብርሽ?»

ሸይማ እየሮጠች ወደ ቦዩ ወረደች። ዳር ዳሩን ጭቃ ውስጥ እየገባች ፈለገች… ያገኘችው አፈሩ ታጥቦ ያለቀ አንድ ባዶ ጣሳ ነው።

ስትመለስ ሐጃ በደውያ በሞት አፋፍ ላይ ያለውን ተክል አጎንብሰው እየፈተሹ ነበር።

«ጫፉ ላይ አንዲት ቀርታለች። ትንሽ ናት ብዬ ትቻት ነበር። በራስሽ እጅ ቀንጥሻት።»

ሸይማ ቀነጠሰቻት። አዲስ አፈር ላይ ሰካቻት… ተንበርክካ አለቀሰች።

«ልጄ፣ ያመመኝ የጣሳው ነገር አይደለም» አሉ ሐጃ። «አንድ ማዕድ እየበላን ክፉ ያስቡብኛል ብለሽ ማመንሽ ነው።»

ከሰገነቱ ወደ ቤት እንደወረዱ ሰብሪ ገባ። ሳሎን መሃል የተከፈተውን ሻንጣ አየና ፊቱ ተለዋወጠ።

«ይሄ ምንድነው? ማነው የሚሄደው?»

ሸይማ ደነዘዘች… አሁን አማቷ ሁሉንም ቢናገሩ ምን ይውጣታል?

«እኔ ነኝ አውርጂ ያልኳት» አሉ ሐጃ በደውያ እጃቸውን እየታጠቡ። «የብርድ ልብስዋን ልታናፍስ ነው። አንተ ይልቅ ጫማህን አውልቅ፣ ቤቱን በአቧራ ሞላኸው።»

ቡቃያዋ ወዲያው አንገቷን ደፋች። ሸይማ እንቅልፍ አጣች… አንድ ጠዋት ግን ሰገነት ስትወጣ ቀና ብላ ጠበቀቻት።

መጀመሪያ የጠራችው ባሏን አልነበረም። «እማዬ… ይምጡ፣ ይዩዋት» ብላ አማቷን ነው።

ወዳጆቼ… ተደብቆ የሚሠራ ሁሉ ሊጎዳን አይደለም። አንዳንዱ ቢበላሽበት እንዳናዝን ብሎ ብቻውን ይለፋል። ስለ ሰው ክፉ ከማመናችን በፊት ራሱን ሰውየውን እንጠይቀው… ጎረቤትን ሳይሆን።

እናንተስ? በሐጃ በደውያ ቦታ ብትሆኑ ለሸይማ ቀድማችሁ ትነግሯት ነበር? በዚያች ቅጽበትስ ለሰብሪ ምን ብላችሁ ትመልሱለት ነበር? እውነቱን ብቻ ጻፉልኝ።