የቀኝ ጥጉ አጥር

“ሚስተር ኢዜል፣ ፒንሳውን ያስቀምጡ!”

አያስቀምጡም። እኔ ሣሩ ላይ ቆሜያለሁ፤ እሳቸው ከአጥሩ ውስጥ ሆነው የዛገውን ሽቦ ከላይ ወደ ታች ይቆርጣሉ። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። ለእያንዳንዷ ቀለበት ፒንሳውን በሁለት እጃቸው ይጨምቃሉ። የአላባማ ሙቀት በማለዳው ያፍናል።

ከአንድ ሰዓት በኋላ የቅርስ ኮሚሽኑ ይመጣል። ይህ የቤዝቦል ሜዳ እንዳይፈርስ ሦስት ዓመት ተሟግቻለሁ። ለነጮቹ ባለ ጣሪያ መቀመጫ ማንም አልተጣላም። ጠቡ እኛ ጥቁሮች እንደ ዶሮ ታጉረን ጨዋታ ባየንበት በዚህ የሽቦ በረት ነበር። የኮሚሽኑ ሊቀመንበር “ለጎብኚ ዓይን አያምርም” አለ። ለእሱ ቅርስ ማለት ቀለም የተቀባ ውሸት ነው። ጠረጴዛ ደብድቤ በረቱ እንዳይነሳ አደረግሁ፤ ዛሬ አይተው ሊመዘግቡት ነው።

“ሽቦው ከሌለ ‘ድሮም አልነበረም’ ነው የሚሉት! ይገባዎታል?”

“ቀስ በይ፣ ቨርዴል፤ ወንዝ ማዶ ድረስ ይሰማል” ይላሉ ቀና ሳይሉ። “አንቺ ከማስተማር ጡረታ ወጣሽ፤ ጩኸትሽን ግን ማን ጡረታ ያውጣልን?”

“ይቀልዳሉ? ማስረጃ እኮ ነው የሚያጠፉት!”

“የማን ማስረጃ? አንቺ ነፍስ ስታውቂ የዚህ በረት በር ተከፍቶ ነበር።”

ልመልስላቸው ስል በፒንሳው ጫፍ አንድ ቦታ ያሳዩኛል። ሽቦው ወደ ውስጥ ጎብጧል።

“ወንድሜ ነው። ሎኒ። ኳስ እዚህ ከገባች መልሰን መወርወር ነበረብን፤ ነጮቹ የያዙትን ይዘው ነው ቤታቸው የሚገቡት። ሎኒ ያን ቀን አልመልስም አለ። አሥራ ሰባት ዓመቱ። ሁለት ፖሊሶች ገብተው እግሩን ሲጎትቱ ይህን ሽቦ ጨብጦ ነበር። ጨዋታው ለአፍታም አልቆመም፣ ልጄ። ሰዉ ያጨበጭብ ነበር።”

“ከዚያስ?”

“በሦስተኛው ቀን ሬሳውን ሰጡን።” ፒንሳውን መልሰው ያነሳሉ። “እዚህ ጋ ተደግፎ ፎቶ የሚነሳ ሰው ማየት አልችልም።”

መልስ አለኝ። ለሁሉም ነገር መልስ አለኝ፤ ሦስት ዓመት ያዘጋጀሁት። ወደ ሽቦው እጠጋለሁ።

የተቆረጠው ሽቦ ተመልሶ ፊታቸውን እንዳይገርፍ በሁለት እጄ እይዘዋለሁ። የመጨረሻዋ ቀለበት ስትበጠስ ወደ እኔ እስበዋለሁ፤ ሰው የሚያሳልፍ ክፍተት ይሆናል። ከኋላዬ ሜዳው ነው፣ ሣሩ ገና ጤዛ እንዳዘለ።

“ይውጡ፣ ሚስተር ኢዜል።”

ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ። ዓይናቸው ባለ ጣሪያውን መቀመጫ ከዳር እስከ ዳር ይቃኛል።

“ማንም የለም” እላቸዋለሁ።

“አውቃለሁ” ይላሉ።

እግራቸው ግን ሣሩን አይረግጥም።