ሁለተኛው ጉርሻ

ውባለም እጇን ለስንተኛ ጊዜ እንደምትታጠብ እሷም አታውቅም። ቆዳዋ ተላልጦ ቢደማም መፈተጓን አልተወችም። ከመስታወቱ ግድግዳ ወዲያ ባሏ ጌጤነህ በትኩሳት ይንቀጠቀጣል።

በዚያ ዘመን ኩላሊቱ ለደከመ ሁሉ አዲስ ኩላሊት ይበቅልለት ነበር። ዋጋው አንድ ኪኒን ነው። ኪኒኑ ነጭ የደም ሴሎች አዲሱን ኩላሊት እንደ ጠላት እንዳይወጉት ዕድሜ ልክ ያስተኛቸዋል። የዋጠው ሰው ከመስታወት ጀርባ ይኖራል፤ የሰው እጅ የነካው ምግብም ዳግመኛ አይቀምስም።

ጌጤነህ ኪኒኑን ሊውጥ ሲል ውባለም በዶሮ ወጥ የስንብት ጉርሻ አጎረሰችው። እሱም አላምጦ ሲያበቃ ኪኒኑን ዋጠ። በሩ ሊዘጋ ሲል ግን አንጀቷ አልቻለም። "ኧረ አንድ ጉርሻ ያጣላል!" ብላ ሁለተኛውን ጠቅልላ ሮጠች። እሱም እየሳቀ አፉን ከፈተላት።

አሁን የጌጤነህ ሐኪም ከአጠገቧ ቆማለች።

"እትዬ፣ ጀርሙ ከእጅ የገባ ነው። ሴሎቹ ስለተኙ የሚዋጋለት የለም።"

"ቀስቅሻቸው! በእናትሽ፣ ቀስቅሽልኝ!"

"ከነቁ ኩላሊቱን ይጨርሱታል። ሌላ ደግሞ የለውም።"

ውባለም ወደ ቧንቧው ተመልሳ እጇን መፈተግ ጀመረች። ያን ጊዜ ከመስታወቱ በላይ ካለችው ድምፅ ማጉያ የጌጤነህ የደከመ ድምፅ ተሰማ።

"ውቤ፣ በቃ ተዪው እጅሽን" አላት። "ይኸው አልተጣላንም።"