የአስፐን ሂል ሁለት ወንበሮች

«ከተማውን ባሕር በላው ነው የምትዪን?» አሉ ጋሼ ለገሰ።

«አዎ፤ ቤቱንም፣ ቤተ ክርስቲያኑንም። ደንዊች ይባላል፤ እንግሊዝ አገር ነው» አለች ኤፍራታ። «በሠላሳ ምናምን መራጭ ሁለት ሰው ፓርላማ ይልክ ነበር። ሕዝብ የሞላባቸው አዳዲስ ከተሞች ግን አንድም አልነበራቸውም።»

«ዓሣው ነዋ የሚመርጠው።»

አዳራሹ ውስጥ የተሰበሰበው የእድር አባል ሳቀ። ኤፍራታ አልሳቀችም። ስድስት ዓመት እንግሊዝ ተቀምጣ ያጠናችው ይህንኑ ነው። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እናቷ ቤት ከተመለሰች ወዲህ ስለ ትምህርቷ የጠየቃት አልነበረም፤ የእድሩ ኮሚቴ «ምርጫ ተምረሻል አሉ፤ የየሰፈሩን ውክልና አስተካክዪልን» እስኪላት ድረስ።

ነገሩ ቀላል ነበር። እድሩ ሲመሠረት አብዛኛው አባል አስፐን ሂል ሰፈር ስለሚኖር ሁለት ተወካይ ተሰጠው። ዛሬ እዚያ የቀረው ሦስት ቤተሰብ ነው፤ ወንበሮቹን ጋሼ ለገሰና ባለቤታቸው እትዬ የወይንሐረግ ይዘዋቸዋል። ላንድማርክ በሚባለው ሰፈር ሰማንያ ሁለት ቤተሰብ አለ፤ ሐዘን ሲደርስ ወንበር የሚያስመጣ፣ ምግብ የሚያደራጅ ተወካያቸው ግን አክሊል ብቻ ነው። በጥር ሦስት ሐዘን ተደራርቦ አክሊል ሁለቱ ጋ ሲሮጥ፣ ሰርክአዲስ የእናቷን መርዶ ሰምታ ሁለት ቀን ብቻዋን ተቀመጠች።

ኤፍራታ ድምፁ በወረቀት ይሰጥ ብላ ነበር። ሰብሳቢው ኪራኮስ «ምን ተደባብቀን? ቤተሰብ አይደለን?» አላት።

«በሉ» አለ አሁን፣ «ከአስፐን ሂል አንዱ ወንበር ወደ ላንድማርክ ይዛወር የምትሉ እጃችሁን አውጡ።»

ማንም አላወጣም። ጠዋት መኪና ማቆሚያው ላይ «በርቺ፣ እኔ እኮ ማለቄ ነው» ያላት አክሊል ጫማውን ያያል። ሰርክአዲስ ነጠላዋን ታስተካክላለች።

«ሰርክዬ፣ ለአንቺ እኮ ነው» አለቻት ኤፍራታ በሹክሹክታ።

«ምን ዓይን አለኝ? አባቴን የቀበሩልኝ ጋሼ ናቸው።»

ጋሼ ለገሰ ዞር ዞር ብለው አዳራሹን አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው የራሳቸውን እጅ አወጡ።

«አንድ ብለህ ጻፍ፣ ኪራኮስ። ልጅቷ እውነቷን ነው። ለሦስት ቤት ባልና ሚስት ዘብ መቆም ምን ይባላል?»

«ኧረ ጋሼ» አለ አክሊል፣ «በኋላ በምን ፊታችን እናይዎታለን?»

«እኔው ነኝ አውጡ የምላችሁ።»

ባሰ እንጂ አልተሻለም። አሁን እጅ ማውጣት፣ ሽማግሌ ለጨዋነት ያሉትን እንደ እውነት ቆጥሮ ወንበራቸውን መውሰድ ሆነ። ኤፍራታ ጥርሷን ነከሰች። ሦስት ሳምንት የደከመችበት የየሰፈሩ ካርታ፣ በየስልኩ የሰማችው እሮሮ፣ ሁሉም ለዚህ።

ኪራኮስ በእስክሪብቶው ረድፍ በረድፍ እየጠቆመ ይቆጥር ጀመር። እሷም ተጠማዝዛ ከኋላዋ ያሉትን አንድ በአንድ ገላመጠች። አንድም እጅ የለም። ፊቷን ስትመልስ እስክሪብቶው እሷ ጋ ደርሶ ቆሟል።

ሁለቱም እጆቿ ጭኗ ላይ ነበሩ።